የኤልቢዮ ቴቼራ ግማሽ ዕረፍት

ኤልቢዮ ቴቼራ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በሜሎ ከተማ ትንሿ ሬዲዮ ጣቢያ ማስታወቂያ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ማይክሮፎኑ ፊት ይቀመጣል። መጀመሪያ የሞቱትን ያነባል፤ ማን እንደሞተ፣ ለቅሶው የት እንደሆነ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም። ከዚያ ወደ ገጠር የተላኩትን መልእክቶች ይቀጥላል። «በወንዙ ማዶ ላለው ለኤውስታኪዮ፤ ሚስትህ በሰላም ተገላግላለች፣ ወንድ ነው፤ ሐሙስ ፈረስ ይዘህ መንገድ ላይ ጠብቃት» ዓይነት ነው መልእክቱ። ያን ጊዜ ስልክ ከአስፋልቱ ወዲያ አይሻገርም ነበር። በዚያ ሁሉ ሜዳ ተበታትኖ በግና ከብት የሚያረባው ሰው ቀትር ሲደርስ ማንኪያውን አስቀምጦ ጆሮውን ለኤልቢዮ ይሰጣል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ወረቀት ማንበብ ነው። ግን ስድሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ኤልቢዮ ሌላ ሰው ሆነ። ደረጃ ሲወጣ ያርፋል። ምሳ ሲበላ ያንጎላጃል። ከተማው ውስጥ በእግሩ ሲሄድ ሰዎች ሰላም ብለውት ሲያልፉ፣ የዚህን አባት አንብቤያለሁ፣ የዚችን ባል አንብቤያለሁ እያለ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ደግሞ እንደ ሸክም ትከሻው ላይ ይቀመጣል።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ወደ ጣቢያው ባለቤት ወደ ኢርማ ቢሮ ገባ። ጣቢያውን ያቋቋሙት አባቷ ነበሩ። ኢርማ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ኤልቢዮ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧት ማስታወቂያ ያነብ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ይብቃኝ» አላት።

«ይብቃኝ ማለት?»

«ይብቃኝ ማለት ይብቃኝ ነው። ጉሮሮዬ አልቋል። ጠዋት ስነሳ ትናንት የቀበርኳቸው ሁሉ ጀርባዬ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።»

«ኧረ እርስዎ መቼ ቀበሩ! የሚያነቡት ነው እንጂ።»

«እሱን ለጀርባዬ ንገሪው።»

ኢርማ ሳቀች፤ ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ግን ሳቁን ተወችው። «እሺ። ግን እንዲህ በድንገት አይሆንም፣ ዶን ኤልቢዮ። ሰዉ አንድ ሳምንት ድምፅዎን ካጣ ሞተዋል ብሎ አበባ ይዞ ቤትዎ ይመጣል። ቀስ ብለን እናድርገው። ከሚያዝያ ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ያንብቡ። ከሐምሌ ጀምሮ ዓርብ ብቻ። ታኅሣሥ ሲያልቅ ደህና ሰንብቱ። ሰዉም ይለምዳል፣ እርስዎም ይለምዳሉ።»

«ዕረፍት ለመልመድ ዘጠኝ ወር? እኔ ዘጠኝ ደቂቃ ይበቃኛል» አለ ኤልቢዮ።

በዚህ ተሳስቶ ነበር።

በቀሩት ቀናት እንድታነብ የተቀጠረችው ዴልማ የምትባል የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። ብዙ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ሠርታለች። ኢርማ ስታስተዋውቃት «የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ሰው ምን ያቅተዋል?» አለች። ዴልማ ሦስት ልጆቿን ስትጠራ ኖራ ድምፅዋ ጠንክሯል፤ ስታነብ ደግሞ ትፈጥናለች።

«እንደ መድኃኒት ዋጋ አትጥሪው፣ ልጄ» ይላታል ኤልቢዮ። «የሰው እናት ናት እኮ የሞተችው። ረጋ በይ።»

«እርስዎ ደግሞ እንደ ጸሎት ነው የሚያነቡት። ሰዉ እንቅልፉ ይመጣል።»

«ይምጣ። ያዘነ ሰው ቢተኛ ምን አለበት?»

ዴልማ ለዚህም መልስ አላት፤ አክብራው ግን ወደ ወረቀቷ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው የዕረፍት ማክሰኞ ደረሰ። ኤልቢዮ እስከ ሦስት ሰዓት እተኛለሁ ብሎ ነበር፤ ዓይኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተገለጠ። ማቴ የሚባለውን መራራ የቅጠል ሻይ አፍልቶ፣ በብረቱ ቀሰም እየመጠጠ መስኮት ሥር ተቀመጠ። ሚስቱ ናይር ስትነሳ ማቴው ቀዝቅዞ እሱ እዚያው ነበር።

«ሽማግሌው፣ ዛሬ ታኩዋሪ ወንዝ ወርጄ ዓሣ አጠምዳለሁ አላልክም?»

«ትንሽ ላርፍና።»

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። የሥጋ ሻጩ የሩፊኖ እናት ሌሊቱን አርፈው ኖሯል። ሩፊኖ ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ ሌላ እጁ ላይ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«እግዜር ያጽናህ፤ ዛሬ ግን ተራው የኔ አይደለም። ጣቢያ ሂድ፣ ዴልማ አለች» አለው ኤልቢዮ።

«አውቃለሁ፣ ዶን ኤልቢዮ። ግን አባቴን እርስዎ ነዎት የጠሩት። ወንድሜንም እርስዎ። እናቴን ያቺ የፋርማሲ ሴትዮ እንድትጠራት አልፈልግም።»

እንዲህ ያለውን ሰው ማን እንቢ ይለዋል? ኤልቢዮ ካፖርቱን ደርቦ ስምንት መንገድ አቋርጦ ጣቢያ ሄደ። ዴልማ ወረቀቱን በእጁ ስታይ ምንም ሳትናገር ከወንበሩ ተነሳች። እሱም ተቀምጦ አነበበ፤ ተመልሶም ዓሣውን ረሳው።

ወሬው እንዴት እንደተዛመተ እንጃ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱን አወቀው። ሐሙስ ሁለት ሰው፣ ቅዳሜ አራት ሰው። አንዳንዱ የኤልቢዮን ተራ ጠብቆ ሊያስነብብ ይፈልጋል፤ ሬሳ ግን ተራ አይጠብቅም። ሐምሌ ገብቶ ሥራው ዓርብ ብቻ ሲሆንማ ባሰበት። ናይር በሩን መክፈት ሰለቻት።

«ጣቢያው እኛ ቤት ገባ እንዴ? ለምን አንቴናውን ጣሪያው ላይ አንተክለውም?»

«ሐዘንተኛ ናቸው፣ አሮጊቴ።»

«ቢሆንስ! አንተን ማን ያንብብህ? በአንድ ቀን ፈንታ ስድስት ቀን እየሄድክ ነው። ቀሚስ ገልብጦ መልበስ ቀሚስ መቀየር አይደለም።»

እውነቷን ነበር። ድሮ ቢያንስ ቀኑ ይታወቃል፤ ተነስቶ፣ ሄዶ፣ አንብቦ፣ ይመለሳል። አሁን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይምጣ አይምጣ ሳያውቅ ጫማውን እንዳሰረ ይቀመጣል። የሚመጣ ሰው ሲኖር ይደክመዋል፤ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ይከፋዋል። ይህን ሁለተኛውን ለማንም አልነገረም።

በነሐሴ፣ አንድ የረቡዕ ጠዋት፣ ዶኛ ኦርፊሊያ ኩኤዮ መጣች። ሰባ ዓመት የሚጠጋት የገጠር ሴት ናት፤ ሆስፒታል ገብታ ዓይኗን ተሠርታ አንደኛው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ከወንድሟ ከአናክሌቶ ጋር በግ እያረቡ የሚኖሩት ከአስፋልቱ የአራት ሰዓት የጋሪ መንገድ ገባ ብሎ ነው።

«ነገ ነው የምሄደው» አለች። «አናክሌቶ ጋሪውን ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የባሕር ዛፎቹ መገንጠያ እንዲጠብቀኝ ዛሬ ቀትር ላይ ይንገሩልኝ። ማታ ሬዲዮ አይከፍትም፤ ባትሪ ይቆጥባል።»

«ዶኛ፣ ዴልማ አለች እኮ፤ ከዚህ...»

«ጆሮው ከባድ ነው። ድምፅዎን ለምዷል። ሌላ ሰው ቢነግረው አይሰማም።»

ኤልቢዮ ወረቀቱን ተቀብሎ ሹራቡ ኪስ ውስጥ ከተተው። ገና አራት ሰዓት ነበር። ናይር እህቷን ልትጠይቅ ወጥታለች። ውጭ ቀጭን ዝናብ ይጥላል፤ ምድጃው ይሞቃል። ትንሽ ልሙቅና እነሳለሁ ብሎ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

ሲነቃ እሳቱ ከስሟል። ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ‹ኦርፊሊያ› አልነበረም፤ ‹ሠላሳ ስምንት ዓመት› የሚል ነበር። በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድም ወረቀት ኪሱ ውስጥ አድሮ አያውቅም። በትኩሳት አንብቧል፣ ጥርሱን በተነቀለ ዕለት አንብቧል፣ የገዛ እናቱን ሞት ሳይቀር ድምፁ ሳይሰበር አንብቧል። አሁን ምድጃ ሥር ተኝቶ አሳለፈው።

ወደ ጣቢያው ስልክ ደወለ። ዴልማ ምንም አልጠየቀችውም፤ «በማታው የአሥራ ሁለት ሰዓት ማስታወቂያ ላይ አነበዋለሁ፤ ነገም ቀትር ላይ እደግመዋለሁ» ብቻ አለች። ናይር ስትመለስ «ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?» ብትለው «ብርድ ነው» አላት።

በማግስቱ ሐሙስ ዝናቡ በረታ። ሰባት ሰዓት ላይ ኤልቢዮ ጃንጥላውን ይዞ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደ። ዶኛ ኦርፊሊያ በገመድ የታሰረ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ቁጭ ብላለች።

«ዶኛ ኦርፊሊያ፣ ትናንት ወረቀትዎን አላነበብኩትም።»

«ምን?»

«ተኛሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ማታ ተነቧል፤ ዛሬም ቀትር ላይ ተነቧል። ግን...»

«ማታ አይከፍትም ብዬዎታለሁ።»

«ብለውኛል።»

«ዛሬ ሰምቶ ቢነሳ እንኳ በዚህ ጭቃ አምስት ሰዓት ነው።» ባልታሰረው ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እዚያው ለሴትየዋ ሰጥቻት ብሄድ ኖሮ ተነቦ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እንዲያው ቢያንስ አልዋሹኝም።»

«እኛ ቤት ይደሩና ነገ ይሂዱ። ናይር ደስ ይላታል።»

«ዶሮዎቼስ? አናክሌቶ የራሱን ምሳ የሚረሳ ሰው ነው። እሄዳለሁ።»

ኤልቢዮ ሄዶ ቲኬት ቆርጦ መጣ።

«እርስዎ ወዴት?»

«አብሬዎት ልጠብቅ።»

«ዝናቡ እኮ ሁለት ሰው ስለቆመበት አይቀንስም» አለች። ግን ሻንጣዋን ሲያነሳላት አልከለከለችውም።

አውቶቡሱ መገንጠያው ላይ አወረዳቸውና ጭቃ ረጭቶ ሄደ። ኤልቢዮ ዙሪያውን አየ። ‹በባሕር ዛፎቹ መገንጠያ ጠብቀኝ› የሚለውን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንዳነበበው እግዜር ይወቅ፤ እዚህ ቦታ ግን እግሩ ረግጦ አያውቅም። በሐሳቡ ሁልጊዜ ሰፊ ጥላ፣ መቀመጫ፣ ምናልባትም አንድ ሱቅ ነበረበት። ያገኘው ሰባት ቀጫጭን ዛፎች፣ የሽቦ አጥርና መንገድ ዳር የተጣለ አሮጌ የመኪና ጎማ ነው። በአጥሩ ማዶ በጎች ጀርባቸውን ለንፋሱ ሰጥተው ቆመዋል።

ጃንጥላውን በታመመው ዓይኗ በኩል ያዘላት። ጋሪው የሚመጣበትን ጉብታ እያዩ አንድ ሰዓት ያህል ቆሙ። ከዚያ እሷ ጀመረች።

«የእናቴን መሞት የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ያውቃሉ?»

«አላስታውስም፣ ዶኛ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ስሟን ጠሩት። እኔ ደግሞ የሌላ ሰው ስም መስሎኝ መክተፌን ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅዎን በሰማሁ ቁጥር እፈራለሁ። ግን ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም። ይሄ ምን ይባላል?»

«እኔ እንጃ።»

«እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል?» አለች እንደመቆጣት ብላ።

ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ግድም ኤልቢዮ የአጥሩን እንጨት ተደገፈ። ጃንጥላው ዘመመ። ኦርፊሊያ ከእጁ ወሰደችበት።

«ይቀመጡ።»

«ደህና ነኝ።»

«ይቀመጡ አልኩ! ወድቀው ደግሞ እርስዎን ልሸከም ነው?»

ጎማው ላይ ተቀመጠ። ሕመምተኛዋ ሴት ቆማ ጃንጥላ ያዘችለት። አንድ ጊዜ የሚያልፍ የጭነት መኪና አየውና ጡሩምባ ነፋበት፤ ሹፌሩ አውቆት ይሁን ስቆበት ኤልቢዮ አልለየም። ሰውነቱ ሁሉ ዝሏል። ይህ ድካም የዛሬ እንዳልሆነ ገባው፤ ቆሞ ሲሄድ የሸሸው፣ ጫማ አስሮ ሲቀመጥ ያታለለው የዓመታት ድካም ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ጋሪው ከጉብታው ብቅ አለ። አናክሌቶ ሸራ ተከናንቦ፣ ፈረሱ እስከ ሆዱ ጭቃ ሆኖ።

«አንቺ ሴት! ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽው?»

«ከዘጠኝ ሰዓት!»

«ቀትር ላይ ሰምቼ በቀጥታ ነው የተነሳሁት! ማነው ሰውዬው?»

ኤልቢዮ ተነስቶ ቀረበ። «ኤልቢዮ ቴቼራ ነኝ፤ የሬዲዮው።»

«የምኑ?»

«የሬዲዮው!»

«አሃ! የድሮው!» አለ አናክሌቶ፣ እጁን ጨብጦ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። መልእክቱ ትናንት መነበብ ነበረበት።»

«ምን ይላሉ?»

«ትናንት ማንበብ ነበረብኝ ነው የሚሉት!» ብላ ጮኸችበት እህቱ።

«እሳቸው ቢያነቡትማ ማን ይሰማዋል!» አለ አናክሌቶ እየሳቀ። «ድምፃቸው እኮ በጆንያ ውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ግማሹን መስማት ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ። ያቺ ሴትዮ ከመጣች ወዲህ ነው ጥርት ብሎ የሚገባኝ። ዛሬ ‹ኦርፊሊያ ኩኤዮ› ስትል ፈረሱ ራሱ ጆሮውን አቆመ!»

«አናክሌቶ!»

«ምን አልኩ?»

ኦርፊሊያ ወደ መሬት አየች። ኤልቢዮ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲወጋው ተሰማው። ያመዋል ብሎ ጠበቀ፤ አመመውም። ግን እንዳበጠ ቁስል ነበርና ሲወጋ የታመቀው መግል አብሮ ወጣ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች በሩን የሚያንኳኩት ስለሚሰሙት ሳይሆን ስለለመዱት ነበር። ሰው የለመደውን በር ያንኳኳል።

«ይሂዱ፤ ሳይመሽ ይግቡ» አላቸው። የመልስ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ብቻውን ጎማው ላይ ተቀመጠ።

ቤቱ ሲደርስ ናይር ዓይኗ ፈጦ ነበር። ልብሱን አስወለቀችው፣ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተተችለት፤ እየተሳደበች ነው ይህን ሁሉ ያደረገችው። እሱም ከምድጃው እንቅልፍ ጀምሮ እስከ አናክሌቶ ድረስ አንድ ሳያስቀር ነገራት።

«በጆንያ ውስጥ!» አለች ናይር፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። «እኔ ድምፅህ ዝሏል ስልህ አልሰማ ብለህ!»

«መቼ አልሽኝ?»

ናይር ትንሽ አሰበች። «እንግዲህ በሆዴ ይሆናል ያልኩት።»

ዓርብ ተራው ነበርና እየሳለ ሄደ። ከመግባቱ በፊት ዴልማን ኮሪደሩ ላይ አገኛት።

«ከዛሬ ወዲያ በኔ ቤት በኩል ወረቀት አይመጣብሽም።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ ዶን ኤልቢዮ።»

«ነው እንጂ። ወንበሩን እየለቀቅሽልኝ ስንት ጊዜ ዝም አልሽ?»

ዴልማ እንደ ልማዷ ዝም ልትል ነበር፤ ተወችው። «አርባ ሦስት ጊዜ» አለች።

ከዚያ ብርዱ አልጋ ላይ አጋድሞት ሁለት ዓርብ ቀረበት፤ ማንም አበባ ይዞ አልመጣም። ሲሻለው በሩን የሚያንኳኳውን ሁሉ እያዘነም ቢሆን «ጣቢያው ስምንት መንገድ ወዲያ ነው» ብሎ ይመልስ ጀመር። ቅር የተሰኙ ነበሩ። አንድ መበለት «ማይክሮፎን ያኮራዋል ሲሉ እውነት ነው» ብላ ከደጁ ሄደች። ሩፊኖ ሰላምታ ባይነፍገውም የሚመዝንለት ሥጋ አጥንት በዛበት። ኤልቢዮ ይህ ሁሉ እየቆጠቆጠው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ጫማውን ግን ማሰር ተወ።

በጥቅምት አንድ ቀትር ጓሮ ሆኖ ወይን ሲገርዝ ናይር ከወጥ ቤት መስኮት ጠራችው።

«ሽማግሌው! ስምህን ጠሩት እኮ በሬዲዮ!»

መቀሱ ከእጁ ወደቀ። «ማን ሞተ?»

«ማንም። ኦርፊሊያ ኩኤዮ ዓይኗ ድኗል። አይብ ልካልሃለች፤ ከመናኸሪያ ሂድና ውሰድ።»

አይቡን ራሱ ሄዶ አመጣ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ቢሆንም ጨረሱት።

የታኅሣሥ የመጨረሻዋ ዓርብ እሳት የምትተፋ ቀን ሆነች። ማስታወቂያው ሦስት ብቻ ነበር፤ አንድ ሞት፣ አንድ የጠፋች ጥጃ፣ አንድ ‹እሑድ አልመጣም፣ አትጠብቁኝ›። ኢርማ ክሬም የተቀባ ኬክ አስመጥታለች። ንግግር ያድርጉ ሲሉት «ሠላሳ ስምንት ዓመት አውርቼ እናንተ ገና ንግግር ትፈልጋላችሁ?» ብሎ አሳቃቸው፤ አላደረገም። ዴልማ ለናይር እንዲወስድ አንድ ትልቅ ቁራሽ በወረቀት ጠቀለለችለት።

አደባባዩ ጋ ሲደርስ ጥላ ያለበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ክሬሙ ቀልጦ በወረቀቱ ማዕዘን ይንጠባጠብ ጀመር። ኬኩ ቤት ድረስ እንደማይደርስ አይቶ ወረቀቱን ገለጠና በጣቱ እየዛቀ በላው፤ ጢሙ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሲጨርስ መሐረብ ፈልጎ አጣ። እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ራሱን ወደ ኋላ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ለናይር ምን እንደሚላት ቤት ሲደርስ ያስብበታል።